ከድልድዩ ሥር ያለችው ባልቴት

ነሐሴ 19 ቀን 1950 ዓ.ም.፣ ድሬዳዋ

ዘውገ ሁለት ቀን ሰንብቶ ዛሬ ጧት ወደ አዋሽ ተመለሰ። ለሰው ባወራው ስለሚስቁብኝ እዚህ ልጻፈው፤ ባሌ ደግ ሆኖብኛል። በሩ ሲንቋቋ ዓመት ከርሞ፣ ስንት ጊዜ ለምኜው ነገ ነገ ሲል የኖረ ሰው፣ ትናንት ማጠፊያውን ነቅሎ አስተካከለው። ጣሪያ ላይ ወጥቶ የተነሳውን ቆርቆሮ መታልኝ። የውሃ በርሜሉን ከጓሮ አምጥቶ በሩ አጠገብ አቆመና፣ ብቻሽን ስትሆኚ እንዳትደክሚ አለኝ። መቼ ነው ብቻዬን ያልሆንኩት? በወር ሁለት ቀን ብቅ የሚል ባል ነው ያለኝ። ይህንኑ ብዬ ተነጫነጭኩበት። ድሮ ቢሆን ጫማውን አስሮ ይወጣ ነበር፤ አሁን ግን በርሜሉን ውሃ ሞላልኝ።

አዋሽ የባቡሩ ድልድይ ላይ የሐዲድ ሠራተኛ ነው። ከሥራ ሲወጣ ገደሉን ወርዶ ወንዙ ውስጥ መንጠቆ ይጥላል። የያዘውን አምባዛ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ በሊበን እጅ ይልክልኛል። ሊበን የዕቃ ፉርጎ ጠባቂ ነው፤ እንደ ወንድሜ ነው የማየው። አምባዛ መቼም ጉድ ነው፣ ከውሃ ወጥቶ አይሞትም። ጆንያው ብቻ አይድረቅ እንጂ ከአዋሽ እስከ ድሬ ሲተነፍስ ይመጣል። እኔ የከዚራ ፈረንጆች ወጥ ቤት እያዞርኩ እሸጠዋለሁ። ቀምሼው ግን አላውቅም። ቅርፊት የሌለው ዓሣ ለእኛ አልተፈቀደም፤ የነፍስ አባቴ አባ ክንፈ ሽጪ እንጂ አፍሽ እንዳይደርስ ብለውኛል።

ትናንት እራት ላይ ስለ ባልቴቷ አወራልኝ። ባልቴቷ የሚላት ከድልድዩ ሥር ጥልቁ ውሃ ውስጥ የምትኖር አሮጊት አምባዛ ናት። ቀን ጭቃው ውስጥ ትተኛለች፤ ሲመሽ ትወጣለች። እንቁራሪት፣ ሸርጣን፣ የገዛ ዘሯን ሳይቀር ትውጣለች። ዳክዬ ከነነፍሷ ጎትታ ስታሰጥም አይቻለሁ ይላል። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ሸምበቆው ውስጥ ገብታ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ያኔ ማንንም አትፈራም። ብዙ አወራ። አዋሽ ላሉት ሁሉ፣ ባቡር ጣቢያም ላሉት ያወራል መሰለኝ፤ ሁሉም ስሟን ያውቀዋል። በመጨረሻ፣ አንድ ቀን እኔንም ትበላኛለች አለና ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሟርተኛ አልኩት።

ሲሄድ እህቱ ወርቅዬ ቤት ጎራ እላለሁ ብሎ ቀደም ብሎ ወጣ። ሳመኝ። በር ላይ፣ ሰው እያየ።

ነሐሴ 24

ጆንያው መጣ። አራት ናቸው፤ አንዱ ገና ይተነፍሳል። ሁለቱን ለግሪኩ ሆቴል ሰጠሁ። የቀረውን መድና ወሰደችው። መድና በግድግዳ የምንዋሰን ጎረቤቴ ናት፤ ቀፊራ ገበያ ዓሣ ትጠብሳለች። ሆድ ቀድዶ መዘርገፍ ሁልጊዜ የእሷ ሥራ ነው፤ እኔ ዓይኔን አዞራለሁ። እሷም ትስቅብኛለች፤ አቦ አንቺ ዓሣ ነጋዴ ነሽ ወይስ መነኩሴ ትለኛለች።

ሊበን ዛሬ ሻይ አልጠጣም አለ። ቸኩያለሁ አለ። ሁለት ብርጭቆ ሳይጠጣ ከቤቴ ወጥቶ አያውቅም ነበር።

ነሐሴ 28

ሊበን መጣ። ጆንያ አልያዘም።

ልብሱ ወንዙ ዳር ተገኘ አለኝ። ልብሱ ብቻ።

መድና እጄን ይዛኛለች። መጻፍ አልችልም።

ጳጉሜ 1 ቀን 1950 ዓ.ም.

እድሩ ድንኳን ተከለ። ሰው ሞልቷል፤ ክርስቲያኑም እስላሙም መጣ። የድልድዩ ሠራተኞች ሁለት ቀን ሙሉ ወንዙን ፈልገውት አጡት። ውሃው ሞልቶ ደፍርሷል፣ ገመድ ይዘው እንኳ መግባት አልቻሉም አሉ። እሱ ግን መንጠቆውን ሊያይ ብቻውን ገባ አሉ። ማን ግባ አለው? እኔ ነኝ። የዓሣው ገበያ ቀዘቀዘ፣ ትንንሹን ብቻ ነው የምትልከው ብዬ የተነጫነጭኩበት እኔ ነኝ።

የሟች ልብስና ፎቶ ይውጣ፣ ሰው እያየ ያልቅስለት አሉ። ፎቶውን አወጣሁ። ሣጥኑን ከፍቼ ጥቁር ሱፉን ብፈልግ የለም። የክት ጫማውም የለም። ለልብስ አጣቢ ሰጥቶት ይሆናል፤ የትኛው እንደሆነ ስላላወቅሁ ሣጥኑን ዘጋሁት። ሊበን ያመጣውን የሥራ ካኪ ዘረጋሁት። ካኪው ተጣጥፎ ነው የመጣው፤ ወንዙ ዳር እንዲሁ ተጣጥፎ ተገኘ አሉ። ዘውገ ልብስ አጣጥፎ አያውቅም፤ እኔ ነኝ ከየወለሉ እያነሳሁ የማጥፍለት። ጭቃ እንዳይነካው ብሎ ነው መቼም።

ወርቅዬ ለቅሶ ላይ ዓይኗ ደረቅ ነው። እህቱ ናት፣ እናት ሆና ያሳደገችው እሷ ናት፤ እኔ ደረቴን ስመታ እሷ ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ ነጠላዋን ታስተካክላለች። ለማገዶ ስወጣ ጓሮ ከሊበን ጋር በሹክሹክታ ሲያወሩ አገኘኋቸው፤ ሲያዩኝ ተለያዩ። ስለ ተዝካሩ ወጪ እያወሩ ይሆናል። ያም ሆኖ ተቀየምኳት፤ ሰው ለወንድሙ እንዴት እንባ ይነፍጋል?

ጳጉሜ 4

አባ ክንፈ ፍትሐት አላደርግም አሉ። አስከሬን የለም፤ ሲሞት ያየ ሰውም የለም አሉ። እኔም ተቆጣሁና፣ አባቴ፣ ወንዙ ምስክር አያመጣም አልኳቸው። አልተቆጡኝም።

በቁርባን የተጋባችሁ ናችሁ ልጄ፣ አሉኝ። ከሞት በቀር የሚለያችሁ የለም። ስለዚህ ሞቱ በደንብ መታወቅ አለበት፤ ነገ ሌላ ኑሮ ልኑር ብትዪ የምጠየቀው እኔ ነኝ። እስከ አርባው እንታገሥ፤ እስከዚያ ወንዙም ይመልሰው ይሆናል፤ ካልመለሰው በተዝካሩ ላይ ስሙን ጠርተን እንጸልይለታለን።

ሌላ ኑሮ ማን ጠየቀ? እኔ ባሌን እንዲፈቱልኝ ነው የጠየቅሁት። ፍትሐት ማለቴ ነው።

መስከረም 1 ቀን 1951 ዓ.ም.

እንቁጣጣሽ። ለቅሶ ቤት አበባ ይዞ የሚመጣ የለም፤ ደግ አደረጉ። ሌሊት ተራራው ላይ ዘንቦ ደቻቱ ሞላ። ጧት ሄጄ ዳሩ ላይ ቆምኩ። ትናንት ሰው የሚሻገርበት፣ ግመል የሚተኛበት ደረቅ አሸዋ ዛሬ ግንድ ይጎትታል። ነገ ደግሞ አሸዋ ይሆናል። የድሬ ወንዝ እንዲህ ነው፣ ያሰጠመውን እዚያው አሸዋው ላይ አስቀምጦልሽ ይሄዳል። አዋሽ ግን ሁልጊዜ ውሃ ነው።

በተጋባን በሁለተኛው ዓመት አንድ ጊዜ ወስዶ አሳይቶኛል። እጄን ይዞ ገደሉን አወረደኝ። ላይ ሆነሽ ስታዪው ወንዙ ቀጭን ነው፤ ሲወርዱት ግን ሰፊ፣ ቡናማ፣ ድምፁ ጆሮ የሚሞላ ነው። ከድልድዩ ምሰሶ ሥር ውሃው ይዞርና ዝም ይላል። እዚያ ዝም ያለው ጋ ነው የሚኖሩት አለኝ። የዶሮ አንጀት ጣለ። ምንም አልታየም፤ ከዚያ አንድ ሰፊ ጠፍጣፋ ራስ ብቅ አለና አንጀቱ ጠፋ። ፈርቼ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። ዘውገ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ያን ቀን ልጅ እንደምንወልድ እርግጠኛ ነበርን። ስም ሁሉ አውጥተን ነበር፤ አሁን አልጽፈውም።

መስከረም 5

ዓሣ የሚገዛኝ ጠፋ። የግሪኩ ሆቴል ወጥ ቤት ሠራተኛ በር ላይ አቁሞኝ፣ እመቤት ይቅርታ፣ ሰው የበላ ዓሣ ነው እያሉ ነው፣ ደንበኞቹ ሰምተዋል አለኝ። አዋሽ ያለው የዘውገ ጓደኛ ዲሪር የላከልኝ ሦስት አምባዛ ጆንያው ውስጥ ሞቱ። ቀፊራም የመድናን መጥበሻ ሰው ሸሸው። አንዷ ደንበኛዋ ወላሂ እኔ የጥሩወርቅን ባል አልበላም አለቻት። መድና በጭልፋው ልትመታት ነበር።

ባልቴቷ በላችው ነው የሚሉት። ወንዙ ውስጥ አዞም አለ፤ አዞውን ግን ማንም አያነሳም። ዘውገ ስለ እሷ እየዞረ ሲያወራ የኖረው ነው ያመጣው። የገዛ አፉ በባልቴቷ ላይ መሰከረባት።

ከመድና ጋር ቆሜ ሳለሁ ሁለት ሽንኩርት ሻጮች ስለ እኔ ሲያወሩ ሰማሁ። አንዷ፣ ዓሣ ነው የዋጠው ወይስ ጅቡቲ አለች። ሌላዋ ሳቀች። ከዚያ አዩኝና ሁለቱም ሚዛናቸውን መጥረግ ጀመሩ። የቀፊራ ሴቶች ቀልድ አይገባኝም። አዋሽ ወደ ጅቡቲ አይፈስም፤ እዚያው በረሃው ውስጥ ነው የሚጠፋው ብሎ ዘውገ ራሱ ነግሮኛል። መድናን ምን ማለታቸው ነው ብላት፣ ጫት ቅመው ነው አለችኝ። በጧቱ።

መስከረም 9

ቀትር ነው፣ ከተማው በሩን ዘግቶ ተኝቷል። እኔ እንቅልፍ የለኝም።

ዛሬ ሊበንን ጠርቼ ለዲሪር መልእክት ላክሁ፤ ባልቴቷን ያዝልኝ አልኩ። ጠንካራ ገመድም ቢፈልግ፣ ትልቅ መንጠቆም ቢፈልግ አስገዛለታለሁ፤ ከነሕይወቷም ሆነ ሞታ ትምጣልኝ። ሊበን ፊቱ ተለዋወጠ። እትዬ፣ ምን ያደርግልሻል፣ ተዪው አለኝ። ገበያዬን ላድን ነው አልኩት። ሆዷ በሰው ፊት ይቀደድና ባዶ መሆኑ ይታይ፤ ያኔ ሰው ዓሣ ይበላል። ሊበን ቆቡን በእጁ እያዞረ ብዙ ቆመ፤ የሚለው ያለ መስሎኝ ጠበቅሁት። እሺ ብሎ ሄደ።

ለገበያዬ ነው። ሌላ ምን አለኝ? ልጅ የለኝም። ልጅ ብወልድለት ኖሮ በወር ሁለት ቀን አይመጣም ነበር፤ ሥራ ቀይሮ እዚሁ ይሆን ነበር፣ ወንዝም አይገባም ነበር። አሥር ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ክፉ አልተናገረኝም። እኔ ነኝ የምናገረው። እሱ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያስር ነበር።

መስከረም 17

መስቀል። ወርቅዬ ከደመራው መልስ መጣች። ገና ወጣት ነሽ አለችኝ፤ አርባው ሲወጣ ጥቁሩን አውልቂ፤ ደህና ሰው ሲመጣ አግቢ፤ እሱም ደስ ይለዋል። ሙት ምን ደስ ይለዋል ብዬ ጮህኩባት። ደነገጠች። ነፍሱን ማለቴ ነው አለች። ያመጣችልኝን ቅቤ ሰጥታኝ ቶሎ ወጣች፤ እኔም ደግ ስትሆንብኝ ይበልጥ እጠላታለሁ።

መስከረም 21

መጣች።

ሊበን ሰው ልኮ አስጠራኝ። ጣቢያ ስደርስ ፉርጎው በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። ሁለት ጆንያ ጫፍና ጫፍ ተሰፍቶ ነው የመጣችው። ዲሪር በፍየል ጉበት ነው የያዛት፤ ውሃው ጎድሎ ከሸምበቆው ሳትወጣ ደርሶባት። ሦስት ሰው ጎትቶ አወጣት አሉ። በጋሪ ጭነን ወሰድናት፤ ከለገሃሬ ጣቢያ እስከ ቤቴ ሰው እየተከተለ ሰፈሩ ሞላ። ከእኔ ቁመት ብዙም አታንስም። ራሷ ሰፊ፣ ጠፍጣፋ፣ ጥቁር ነው፤ ዓይኗ ለዚያ ራስ አይመጥንም፣ ትንሽ ነው። ጢሞቿ ረጃጅም ናቸው። ስንዘረጋት አፏን ከፈተች። ያን ሁሉ መንገድ መጥታ ገና ነፍስ ነበራት። ሰዉ ወደ ኋላ ሸሸ።

መድና ቢላዋውን ይዛ መጣች። ስጪኝ አልኳት። አንቺ እንዴት ተደርጎ፣ ዓይንሽን የምታዞሪ ሰው አለችኝ። ስጪኝ አልኩ። ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ፣ ሰጠችኝ።

ነፍሷ እስኪወጣ ጠበቅሁ። ብዙ ፈጀ። ከዚያ ከአንገቷ ጀምሬ ቀደድኩት። ቆዳዋ እንደ እርጥብ ጫማ ነው፣ ቢላዋው ይንሸራተታል። ጨጓራዋን በሁለት እጄ አወጣሁት፤ ሞቅ ያለ ነው፤ ከበደኝ። ቀደድኩት። እንቁራሪቶች። የሸርጣን ቅርፊት። ገና ያልሟሙ ትናንሽ አምባዛዎች፣ የራሷ ወገኖች። የወፍ ላባ፣ ክንፍ ሳይቀር። በጣቴ አንድ በአንድ ለየሁት። አንጀቱንም ከዳር እስከ ዳር ጨምቄ ፈለግሁ። መድና በቃ፣ የለም አለችኝ። አልሰማሁም። አፏን ፈልቅቄ ክንዴን እስከ ክርኔ አስገባሁ። ጥርሷ ቧጠጠኝ። ምንም የለም። ቁልፍ የለም፣ ጥፍር የለም፣ የጨርቅ ክር የለም።

ሰዉ አልሐምዱሊላህ አለ፤ ክርስቲያኖቹ አማተቡ። መድና እልል አለች። እኔ እዚያው ደሙ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ እንዲህ አድርጌ ለቅሶውም ላይ አላለቀስኩም። ደስታ ነው አሉ፣ ተገላገለች አሉ። ሴቶቹ አንስተው እጄን አጠቡኝ።

ምን ለማግኘት እንደፈለግሁ ግን እዚህም አልጽፈውም።

መስከረም 22

ባልቴቷን የሰፈሩ እስላሞች ተካፈሏት። የግሪኩ ሆቴል ሰው ልኮ ነገ አምባዛ አምጪ አለኝ። ገበያዬ ዳነ።

ክንዴ ላይ የቧጠጠኝ ያቃጥላል።

መስከረም 26

መድና ዛሬ ቀትር ላይ መጣች። በሩን ከውስጥ ዘጋችው። እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ቁጭ አለች፤ ሻርፗን አወለቀች፤ መልሳ ለበሰች። ያን ቀን ዓሣው ሆድ ውስጥ ክንድሽን ስትከቺ ካየሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም አለችኝ። ከዚያ እንዲህ አለች፤ አልረሳውም፤

«ጥሩዬ፣ ሰውዬሽ አለ። ጅቡቲ ነው፣ ወደብ ላይ ይሠራል። ሴት አለችው። ወልዳለታለች።»

ማን አለ አልኳት። ሊበን አለች፤ ቤቴ መጥቶ እያለቀሰ ነገረኝ። ዘውገን ያሳለፈው እሱ ነው። በዕቃ ፉርጎው፣ ከጆንያ ኋላ፣ ሱፉን በሻንጣ ይዞ። ወርቅዬም ታውቃለች። ለጥሩወርቅ ስል ነው ብሏቸዋል፤ ከሄድኩባት ቁርባኑ አስሮ ያስቀራታል፣ ከሞትኩላት ግን ነፃ ናት፣ ታገባለች፣ ትወልድ ይሆናል። መድና ይህን ስትነግረኝ ድንገት ተናደደች። እኛ ጋ ቢሆን ፈታሁሽ ይልሽና ይሄዳል፣ አንቺም ትሰድቢዋለሽ፣ ያልቃል አለች። እናንተ ጋ የግድ መሞት አለበት እንዴ?

እኔ የጠየቅኳት አንድ ነገር ብቻ ነው። ባቡሩ ድሬ ሲቆም ወርዶ ነበር ወይ አልኳት። አልወረደም አለች። ያን ቀን፣ ሊበን ቸኩያለሁ ብሎ ሻይ እምቢ ያለ ዕለት፣ ባቡሩ እዚህ ረጅም ሰዓት ቆሟል። እኔ ጣቢያው አጠገብ፣ ከዚራ ዓሣ እያዞርኩ ነበር።

አላለቀስኩም። መድናን ሻይ አፈላሁላት። ሱፉ ከሣጥን ሲጠፋ አውቄው ነበር። ካኪው ተጣጥፎ ሲመጣ አውቄው ነበር። የማላውቅ የመሰለኝ እኔ ብቻ ነኝ፤ ሽንኩርት ሻጮቹ እንኳ ያውቃሉ።

መስከረም 29

ለተዝካሩ ጠላው ተጠንስሷል፣ ሰው ተጠርቷል። ማስቀረት እችላለሁ። ተነስቼ ለእድሩ ዳኛ ሞተ ያላችሁት ጅቡቲ ነው ብል ምን ይሆናል? ሽማግሌ ይላክበታል፤ ይመጣ ይሆናል። አንገቱን ደፍቶ ይመጣል፤ በሩን፣ ጣሪያውን ያስተካክልልኛል። ያቺኛዋስ? ልጁስ? ወንድ ይሁን ሴት አልጠየቅሁም።

ዝም ካልኩ ደግሞ ስሙ በጸሎቱ ይጠራል፤ እኔም ባሏ የሞተባት ሴት እሆናለሁ። ወርቅዬ ዛሬ መጥታ የሽሮ አተር ስትለቅም ዋለች። ማወቄን አላወቀችም። እንዲህ ቅርብ ሆና ሳያት፣ ወንድሟን በድብቅ ስትሸኝ ያደረች ሴት ናት ብዬ መጥረቢያ ማንሳት ነበር የሚገባኝ። ግን የዓይኖቿ ሥር ጠቁሯል፤ እሷም አልተኛችም። ሰፌዱን ወደ እሷ አስጠጋሁና አብረን ለቀምን።

በሕይወት ያለ ሰው ላይ የሙት ጸሎት ማስደገም እርግማን ነው ይላሉ። ይርገመው እላለሁ ለራሴ። ሲመሽ ደግሞ፣ ባቡሩ ሲጮኽ፣ እዚያ ሞቃት አገር ምን እየበላ ነው እላለሁ። ራሴን ጠላሁት።

ጥቅምት 2 ቀን 1951 ዓ.ም.

ተዝካሩ ወጣ። ሰው ሞልቶ ነበር። መድናና ሌሎቹ እስላሞች ለብቻቸው የተሠራላቸውን በልተው ውጭ ድንኳኑ ሥር ተቀመጡ። ሊበን መጥቶ በር ላይ ቆሞ ቀረ፤ አልገባም፣ አልሄደም።

ከአባ ክንፈ ጋር አንድ አዲስ ቄስ መጥተው ነበር። ጸሎቱን የሚደግሙት እሳቸው ናቸው። መጽሐፉን ገለጡና የሟቹን የክርስትና ስም ጠየቁኝ። ሳምንቱን ሙሉ ስሙን ለራሴ ስለማመደው ነበር፤ ወልደ ሚካኤል፣ ወልደ ሚካኤል። ወርቅዬ ከኋላዬ ቆማለች፤ ትንፋሿ ይሰማኛል። ቄሱ ደግመው ጠየቁኝ።

ኃይለ ጊዮርጊስ አልኩ።

የአባቴ ስም ነው። አባቴ በጠላት ጊዜ መንገድ ላይ ነው የሞተው፤ ተዝካር አልወጣለትም።

አባ ክንፈ ቀና ብለው አዩኝ። ዘውገንም እኔንም የሚያናዝዙን እሳቸው ናቸው፤ የሁለታችንንም ስም ያውቃሉ። እሳቸው እኔን፣ እኔ እሳቸውን ስናይ ቆየን። ከዚያ ለአዲሱ ቄስ፣ ያለችዎትን ይድገሙ፣ ኃይለ ጊዮርጊስ ነው አሏቸው። ጸሎቱ ተጀመረ፤ ሰዉ ሁሉ ነፍስ ይማር አለ። አባቴን ነው ያሉት፤ ደስ አለኝ።

ወርቅዬ እጄን ይዛ ወደ ማድ ቤት ጎተተችኝ። «አንቺ ምን ማድረግሽ ነው? ስሙ ካልተጠራ አባ ክንፈ ሌላ አያጋቡሽም። ዕድሜ ልክሽን የእሱ ሚስት ሆነሽ ልትቀሪ ነው እኮ።» አውቃለሁ አልኳት። እጇን ቀስ ብዬ ከክንዴ አላቀቅሁት።

«ለወንድምሽ በሊበን በኩል ላኪበት። ጥሩወርቅ አልቀበረችህም በዪው።»

ምድጃው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። እኔ ሌማቱን አንስቼ ወጣሁ፤ እንግዶቹ እንጀራ አልቆባቸው ነበር።